ወርቅ ቤት ውስጥ ዝምታ ወርቅ አይደለም

ሰሞኑን ሰፈራችን ሠርግ በሠርግ ሆኗል። ትናንት በሰቃ ታክሲ ስጠብቅ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አገኘኝና «ቲቸር፣ የአልማዝ ቀለበት ልገዛ ነው፤ ምን ልይ?» አለኝ። ልነግረው ስጀምር ታክሲው መጣ። ስለዚህ እዚሁ ልጻፍለት፤ ሌላውም ያንብበው።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። በ2011 ዓ.ም. ላገባ ስል ዕቁብ ደረሰኝና መሃል ከተማ ወጥቼ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሻጩ ፈርጥ ያለው ቀለበት አወጣና «አልማዝ ነው፣ 18 ካራት» አለኝ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ዋጋው ከሦስት ወር ደሞዜ ይበልጣል፤ ከፈልኩ። ልብ በሉ፣ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ!

ከአራት ዓመት በኋላ ልጃችን ታመመችና ባለቤቴ ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ ሰጠችኝ። ልሸጠው የሄድኩበት ሌላ ወርቅ ቤት ሰውየው ፈርጡን ነቅሎ ወደ ጎን አደረገና ወርቁን ብቻ መዘነ። «ፈርጡስ?» ስለው «ይሄማ ዚርኮኒያ ነው፣ ዋጋ የለውም» አለኝ። ልጃችን ድናለች፣ ተመስገን። ፈርጡ ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የተሸወድኩት «ካራት» በሚለው ቃል ነው። የወርቅ ካራት የጥራት መለኪያ ነው፤ ከ24 እጅ ስንቱ ንጹህ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል። 18 ካራት 75 በመቶ፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ ነው። ቀለበቱ ውስጥ 750 ወይም 875 የሚል ማህተም የሚታየው ለዚህ ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም። 18 ካራት አልማዝ ማለት 3.6 ግራም ድንጋይ ነው፤ እሱ እንኳን በአስተማሪ ዕቁብ፣ ቤት ተሸጦም አይገዛም። ቁጥሩ የወርቁ ነበር፤ እኔ የድንጋዩ አደረግኩት።

የአልማዝ ጥራት በአራት ነገር ይለካል። አንደኛው ክብደቱ ነው። ሁለተኛው አቆራረጡ፤ ብልጭታውን የሚሰጠው በዋናነት እሱ ነው። ከልክ በላይ ጥልቅ ወይም ጠፍጣፋ ሆኖ ከተቆረጠ ብርሃኑ ወደ ዓይናችን አይመለስም፣ በጎንና በታች ያመልጣል። ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ነጩ አልማዝ ከዲ እስከ ዚ ባሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይመደባል፤ ዲ ፍጹም ቀለም የሌለው ሲሆን ወደ ዚ በሄደ ቁጥር ቢጫነቱ ይጨምራል። አራተኛው ጥራቱ፣ ማለትም በውስጡ ያለው ጭረትና ነጠብጣብ ነው። እሱም የሚታየው 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ እኔና እናንተ ባንኮኒ ላይ ተደግፈን በዓይናችን ልንለየው አንችልም። «በትንፋሽ ሞክረው»፣ «መስታወት ጫርበት» የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ዚርኮኒያም መስታወት ይጭራል። ለዚህ ነው እንደ ጂአይኤ ያለ የታወቀ ላቦራቶሪ የሰጠው፣ ቁጥሩን ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ የምታረጋግጡት ወረቀት የሚያስፈልገው። በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝም አለ። እሱም ያው ካርቦን፣ እውነተኛ አልማዝ ነው፤ ግን ከማዕድኑ በጣም ይረክሳል። መግዛቱ ችግር የለውም፣ ችግሩ በማዕድኑ ዋጋ መግዛት ነው።

«ዋናው ፍቅሩ ነው፣ ድንጋዩ ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ፍቅር ወረቀት አይጠየቅም። ነገር ግን በእኛ ኑሮ ቀለበት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በክፉ ቀን የሚሸጥ ተቀማጭ ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ወረቀት የሌለውን ድንጋይ በአልማዝ ዋጋ አትግዙ። አቅማችሁ ልከኛ ከሆነ ያለ ፈርጥ፣ የሚመዘን ወርቅ ግዙ። ፈርጥ ካማራችሁ ደግሞ የደላንታ ኦፓል አለላችሁ፤ የራሳችን፣ የወሎ ድንጋይ ነው። እሱም ቢሆን ውሃ ስለሚመጥ ዕቃ ስታጥቡ አውልቁት።

ወርቅ ቤት ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ። ወርቁ ያለ ፈርጡ ስንት ግራም ነው? ስንት ካራት ነው? የእጅ ዋጋው ስንት ነው? ፈርጡ ምንድን ነው? ከዚያ «ይህንኑ ደረሰኝ ላይ ይጻፉልኝ» በሉ። ሐቀኛ ነጋዴ አይቆጣም። ከተቆጣ ቀለበቱን መልሳችሁ ውጡ።

እኔን ያከሰረኝ አለማወቅ ብቻ አይደለም። «የወርቁ ነው የድንጋዩ?» ብሎ መጠየቅ አሳፍሮኝ ነው። እጮኛዬ አጠገቤ ቆማለች፣ ሻጩ ሱፍ ለብሷል፣ እኔ ደግሞ ድሃ መስዬ መታየት አልፈለግኩም። ክፍል ውስጥ በየቀኑ «ያልገባችሁን ጠይቁ» የምል ሰው! በ2000 ዓ.ም. እኮ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቷል። ባንክ ከተሸወደ እኛ መጠየቅ ለምን ያሳፍረናል?

ቀለበት ሊገዛ የተዘጋጀ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ተማሪዬ ሆይ፣ ካነበብከው ቅዳሜ ደውልልኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ። አንተ ካፈርክ እኔ እጠይቅልሃለሁ።