ለሽርሽር የዕድር ሣጥን አይከፈትም



መስቀል ቅዳሜ ውሎ ከእሑድ ጋር መያያዙ ከታወቀ ወዲህ ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣው ሰው በዝቷል። የሚመጣው መዋጮ ሊከፍል እንዳይመስላችሁ። «ልጆቹን ሐዋሳ ወስጄ ላዝናና ነውና ከዕድሩ አበድሩኝ» ሊል ነው። መልሳችንን እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም እንሰጣለን፤ አይሆንም። የዕድር ገንዘብ የድንኳን፣ የሬሳ ሣጥንና የንፍሮ ገንዘብ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሐዋሳ ግን የትም አትሄድም።

«አዳማ ምን የሚታይ አላትና?» ይሉናል። እንዴ! ከከተማችን በስተሰሜን ምዕራብ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ማመንጫዎች ከሥራቸው ቆሞ ያየ ልጅ ስንት ነው? የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። አቧራ አመጣብን እያልን የምንረግመው ነፋስ በሁለቱ ጣቢያዎች እስከ 204 ሜጋ ዋት መብራት ያመነጫል። ይህን ሳያውቅ ያደገ የአዳማ ልጅ ሐዋሳ ሄዶ ምን ሊያይ ነው?

የቆቃ ግድብ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. መመረቁን ለልጁ የነገረ ወላጅ እጁን ያውጣ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀርስ? ወንጂም ቅርባችን ነው። ሆላንዶች ስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምሩ ሸንኮራ የቆረጡ አባቶች ልጆች ዛሬ በመካከላችን አሉ። እነሱ ከልጆቻችን ጋር ቢሄዱ ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጣሉ።

«በእግር መሄድ የድሀ ነው» የሚለው አነጋገር ደግሞ መወገድ አለበት። ጎረቤታችን አርሲ ያበቀለው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት የተመላለሰው በእግሩ ነው። ክረምት ሲወጣ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ውኃ ዳር መውረድም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በኢሬቻ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። በዚያ ላይ በበዓል ሰሞን መናኸሪያ ገብቶ በታሪፉ የተሳፈረ ሰው ካለ ይንገረን።

ሌላም አለ። በዓል በመጣ ቁጥር እናቶች ከምድጃ፣ አባቶች ከቴሌቪዥን ፊት አይነሱም። ለነሱ ታዲያ በዓሉ መቼ ነው? የእሑዱን ምሳ ወንዶች ያሰናዱ፣ ወንዶች ይሸከሙ! ከቅዳሜ የተረፈው ወጥ በምሳ ዕቃ ከተያዘ ይበቃል።

ስለዚህ እሑድ መስከረም 18 ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ በ3 ሰዓት፣ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተነስተን ወደ ነፋስ ማመንጫው ኮረብታ በእግር እንወጣለን። አረጋውያን እስከ ከተማው ጫፍ በባጃጅ ይሄዳሉ። ውኃ፣ ኮፍያና ምሳ መያዝ ግዴታ ነው። በራሳችሁ ወደ ቆቃ ወይም ሶደሬ የምትሄዱ ልጆቻችሁን ከውኃው ዳር አርቁ፤ አዋሽና ቆቃ አዞና ጉማሬ አለባቸው። በወንጂ የመስኖ ቦይ ውስጥም አይዋኝ፣ ቢልሃርዚያ የሚይዘው ከዚያ ዓይነቱ ውኃ ነው።

ለመመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ክፍት ነው። ለብድር ግን ዝግ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት