ሥራ ስለ መፈለግና ስለ ዘመኑ ጥበብ

የሰው ልጅ የሚሠራበት መሣሪያ በተለወጠ ቍጥር ሥራ የሚፈለግበትም መንገድ አብሮ መለወጡ የማይቀር ነው። ይህም ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አስቀድሞ መጽሐፍ የሚባዛው በቁም ጸሐፊዎች እጅ ነበር፤ ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ የሚጽፍ ሰው በሙያው ይከበር፣ እንጀራውንም በዚሁ ያገኝ ነበር። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ ግን የእርሳስ ፊደል እየለቀመ የሚደረድር ሠራተኛ ተፈለገ። ኢንጂኒየር አያና ብሩ የደከሙለት የአማርኛ የጽሕፈት መኪናም ወደ ሥራ ሲገባ በመኪና የሚጽፍ ሰው ተፈለገ። ከዚያም ኮምፒዩተር መጣ፤ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ከዓለም ፊደላት ጋራ ተመዘገበና በኮምፒዩተርም በስልክም ለመጻፍ መንገዱ ሰፋ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጻፍ ራሱ ከቶ አልቀረም፤ የተለወጠው መሣሪያውና መሣሪያውን የሚያውቀው ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ማልዶ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ ይሄድ ነበር። በሰሌዳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆሞ ይገለብጣል፤ ጋዜጣ ለመግዛት ገንዘብ ያነሰውም ጥቂት ከፍሎ እየተከራየ ያነባል፤ ከዚያም የትምህርት ማስረጃውን ቅጂ ይዞ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይመላለሳል። ዛሬ ግን ብዙው ማስታወቂያ በቴሌግራምና በድረ ገጽ ይወጣል፤ ማመልከቻውም በዚያው መንገድ ይላካል። በጎንደር ወይም በጅማ የሚኖር ወጣት የመኪና ኪራይ ሳይከፍልና ማደሪያ ሳይቸገር አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት ማመልከት ችሏልና፣ ይህ በእውነት ታላቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ጥቅሙን ብቻ አይቶ ጉዳቱን አለማየት ከአስተዋይ ሰው አይጠበቅም። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ማንም ሰው ያማረ ማመልከቻ በአንድ ደቂቃ ለማጻፍ ይችላል። እንግዲህ ሁሉም ደብዳቤ ያማረ ከሆነ፣ የደብዳቤው ማማር የላኪውን ዕውቀት ሊያስረዳ እንዴት ይችላል? አንዱ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ የጻፈው፣ ሌላው ሳያነበው ከላከው ጋራ አንድ ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ ወረቀቱ ዋጋው እየቀነሰ፣ የእጅ ሥራው ዋጋ እየጨመረ የሚሄድበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የሒሳብ ሠራተኛ የሚሆነው ሒሳብ ዘግቶ ያሳይ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም መስመር ዘርግቶ ያሳይ፤ ፕሮግራም የሚጽፈውም የጻፈውን ከፍቶ ያሳይ። አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ያሉት ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ወጣቱን ብቻ መምከር ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ አሠሪዎችም የሚወቀሱበት ነገር አለ። ገና ለጀማሪ በሚሆን የሥራ ቦታ ላይ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ መጠየቅ ልማድ ሆኗል። ያለ ልምድ ሥራ ካልተሰጠ፣ ልምዱ ከወዴት ይመጣል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ በሙከራ እንዲቀጠር ፈቅዷል። ሕጉ ይህን ያህል ጊዜ ከሰጠ፣ አሠሪው በዓመት ቍጥር ከመፍረድ ይልቅ የሰውየውን ችሎታ በዐይኑ አይቶ ቢፈርድ ለራሱም ይጠቅመዋል። ደግሞም ማስታወቂያውን በስልክ ብቻ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ብቻ ማውጣት፣ የኢንተርኔት መክፈያ ያጣውን ብርቱ ሠራተኛ ከደጅ መመለስ ነው። ለጥበቃና ለጽዳት፣ ለሾፌርነትና ለግንበኝነት የሚፈለግ ሰው ማስታወቂያውን በሚያነበው ቋንቋ፣ በሚያልፍበትም መንገድ ላይ ሊያገኘው ይገባል። ስልኩ ሰሌዳውን ይርዳው እንጂ አያስቀረው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በአዲሱ መንገድ ተሸሽገው የሚመጡት አታላዮች ነገር ነው። ሥራ ተገኝቶልሃል፣ ለመመዝገቢያ ይህን ያህል በስልክ ላክ እያሉ፣ እናት ከጉሮሮዋ ነጥቃ ለልጅዋ የሰጠቻትን ገንዘብ ይበላሉ። ወጣቶች ይህን ይወቁ፤ ከላይ የጠቀስነው አዋጅ በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ድርጅት ከሠራተኛው ክፍያ እንዲቀበል አልፈቀደም። ስለዚህ ሥራ ሳይሰጥ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ገበያተኛ እንጂ አሠሪ አይደለም፤ ለሕግ አስከባሪም ሊነገርበት ይገባል።

የመማሪያው በር ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ ጋራ በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፣ ትምህርቱ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ሆኖም የምስክር ወረቀት መያዝ ብቻውን በቂ እንዳይመስለን፤ የተማሩትን በሥራ ካልፈተኑት፣ ወረቀቱ በሳጥን ውስጥ ካለው ከቀድሞው ዲፕሎማ አጠገብ መቀመጡ ነው።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ወጣቱ ወረቀቱን ሳይጥል ሙያውን ያስቀድም፤ አሠሪውም ልምድ ከመጠየቁ በፊት መፈተኛ ያዘጋጅ፤ ሥራና ሠራተኛን እንዲያገናኙ አደራ የተሰጣቸው መሥሪያ ቤቶችም ስልክ ያለውንና የሌለውን በአንድ ዐይን ይመልከቱ። ቁም ጸሐፊው ማተሚያውን ሊከለክለው አልቻለም፤ እኛም የዘመኑን ጥበብ ልንከለክለው አንችልም። የሚቻለን ነገር ቢኖር ማንም ተረስቶ እንዳይቀር መንገዱን አብሮ መጥረግ ነው።