በርሜሉ ሳይታይ ረግረግ ማዳፈን

ድሬዳዋ ውስጥ የወባ መከላከል በጎ ፈቃድ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ክረምቱ ሲወጣ አካፋና ዶማ ይዞ ያቆረ ውሃ የሚያፋስስ ወጣት ነው። ሥራው አይናቅም፤ ነባሯ የወባ ትንኝ የምትራባው ዝናብ ባቆረው ውሃ ነውና። በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ የወባ ወረርሽኝ የተቀሰቀሰው ግን በደረቁ ወራት ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 2022 ከተማዋ 2,425 የወባ ሕሙማን መዘገበች፤ በ2019 በተመሳሳይ ወራት 205 ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎች ከያዟቸው የጎለመሱ አኖፌለስ ትንኞች 97 በመቶው ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። ይህች ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ሲሆን፣ ዝናብ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶና ለግንባታ ተቆፍሮ ውሃ የተሞላ ጉድጓድ ይበቃታል። እንግዲያው በጎ ፈቃዱም ከመንገድ ዳር ወደ ግቢ፣ ከዓመታዊ ዘመቻ ወደ ሳምንታዊ ጉብኝት መዞር አለበት።

ሳምንታዊ የምለው በሙቀት ውስጥ እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሚፈጅ ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣ ዘመቻ ይህን አይደርስበትም። ሥራው ደግሞ የባለሙያ ምሥጢር አይደለም። በርሜሉ ላይ ባትሪ ሲበራ የወባዋ እጭ ውሃው ላይ ጋደም ብላ ትታያለች፤ የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ትንኝ እጭ ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ሁለቱ አንድ በርሜል መጋራታቸው ድሬዳዋን በተለይ ይመለከታታል፤ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 መገባደጃ ደግሞ ያችው የደንጊ ትንኝ የምታስተላልፈው ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሰዋታል። የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ስለምታጣብቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ መፈተግ ያስፈልጋል።

ድሃው ውሃ የሚያጠራቅመው ወዶ ነው እንዴ የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ በርሜል የሌለው ቤት ውሃ ያጣል። ስለዚህ «ድፉት» ብሎ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ በሚቀጥለው ሳምንት በር አይከፈትለትም፣ ባይከፈትለትም አይፈረድም። ይዞ መሄድ ያለበት የሚገጥም ክዳን፣ አፉን የሚሸፍን ወንፊት ጨርቅና ከጤና ባለሙያ የተረከበውን የእጭ መግደያ ነው። አጎበር አለ አይደል ለሚለውም፣ አጎበር ይቀጥል፤ ነገር ግን ስቴፈንሲ ሰው ሳይተኛ በምሽትም ትናከሳለች፣ ብዙ ፀረ ትንኝ ኬሚካሎችንም ተላምዳለች። ከሁሉ የሚከብደኝ የነፃ ጉልበት የመንግሥት መሸሸጊያ ይሆናል የሚለው ስጋት ነው። እውነት አለው። የግንባታ ጉድጓዱ ባለቤት ድሃው አይደለም፤ ወጣቶቹ እጭ አየን ብለው ሲያመለክቱ ቀበሌው ሥራ ተቋራጩን ማስገደድ ካልቻለ ሸክሙ ሁሉ ባለ በርሜሏ እናት ላይ ይወድቃል። የውሃ መሥሪያ ቤቱም ቧንቧውን በአንድ ጀምበር ማስተካከል ባይችል፣ ፈረቃውን በየቀበሌው አስቀድሞ ማሳወቅ አያቅተውም። ውሃ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው በርሜል ወደ ባዶነት ይጠጋል፤ ፈታጊው መድረስ ያለበት ያን ዕለት ነው።