ፊታውራሪው አያትህ ማንን አፈናቀለ?

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ገጹ ሁሉ በጎንደር ዘመን የጦር አለቆች ተሞልቷል። አንዱ «አያቴ ሰርባኩሳ ላይ ፊታውራሪ ነበር» ብሎ ይለጥፋል። ሌላው ከሥሩ «የእኔው አይደል ያባረረው!» ይለዋል። ሁለቱም እዚሁ ካኩማ ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ፤ አሁን ሰላምታ የላቸውም። ይህም ይሁን። ልጆቻቸው ግን ክፍል ገብተው «መምህር፣ ከእሱ ጋር አልቀመጥም» ሲሉኝ ዝም አልልም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ሰርባኩሳ ላይ የተዋጉት በ1763 ዓ.ም. ግንቦት ነው። አንድ ትውልድ 30 ዓመት ቢባል ስምንት ትውልድ ገደማ ሆኗል። ስምንት ቤት ወደ ላይ ስትቆጥር 256 አያቶች ይጠብቁሃል። ጎንደርና ጎጃም ርስት የሚቆጠረው በእናትም በአባትም ነው። አንተ ግን ባለ ማዕረጉን አንዱን ይዘህ 255ቱን ጣልካቸው። ከጣልካቸው መካከል በወዲያኛው ሰልፍ የቆመ፣ ስንቅ ተሸክማ የተከተለች፣ እህሉ የተወሰደበት አንድም የለም?

ሰልፉም ዛሬ እንደምታወሩት አልነበረም። ራስ ሚካኤል ስሑልን የገጠሙት የቤጌምድሩ ወንድ በወሰንና የአማራው ገዥ ጎሹ ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ጥቂት ቀደም ብሎ ከሚካኤል ጋር ሆነው የዳሞቱን ፋሲልን ሊወጉ ዘምተው ነበር። የትናንት ወዳጅ የዛሬ ጠላት፤ ነገሩ የሥልጣን እንጂ የዘር አልነበረም።

የዚያ ዘመን ወታደር ቀለቡ ከገበሬው ጎተራ ነበር። ሠራዊቱ ባለፈበት ከብቱ ይነዳል፣ መንደሩ ይቃጠላል፣ ሰው ልጁን አዝሎ ይሰደዳል። በጊዜው እዚያ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1790 አሳትሞታል። እንግዲህ እኛ፣ ቤታችን ተቃጥሎ ድንበር የተሻገርን ሰዎች፣ በማን ነው የምንፎክረው? ልጁን አዝሎ የሸሸው ገበሬ አይቀርበንም?

ዘራችሁን አትፈልጉ አላልኩም። ፈልጉ! ግን በወጉ ፈልጉ። አሮጊት እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ በስልክ ጠይቋቸው። ከማዕረጉ በፊት የእናቱን ስም፣ አጥቢያውን፣ ርስቱ የት እንደነበር ጻፉ። በየደብሩ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታና የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር፤ ከጎንደር መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ዛሬ ለንደን ናቸው። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ «የእኔ ነው» አትበሉ።

ፊታውራሪ ማለት ከፊት የሚሄድ ማለት ነው። የአያትህን ማዕረግ የምትወድ ከሆነ ነገ ጠዋት ቧንቧው ጋ ቀድመህ «እንዴት አደርክ?» በል።