በአንድ ስም ሁለት ደዌ

ቋንቋችን ሁለት ደዌ በአንድ ስም ይጠራል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢን፣ «ነቀርሳ» ብቻ ስንል ካንሰርን ማለታችን ነው። የንፍፊት ካንሰር የሆነው ሊምፎማ ደግሞ በመልኩም ቲቢን ይመስላል፤ አንገት ያሳብጣል፣ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፣ ያከሳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1832 ዓ.ም. ስለዚሁ ደዌ ሲጽፍ ከዘረዘራቸው በሽተኞች መካከል፣ በኋላ ዘመን ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ሌላ በሽታ የተገኘባቸው ነበሩ። ዐይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልምና።

በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ እንዲሁም በሂርናና በገለምሶ ስልሳ ዓመት ያለፈው አባት ቢከሳ «ጫቱ ነው» ይባላል። ወደ ሚኤሶ ቆላ ወርዶ ቢያተኩሰው «ወባ ነው» ይባላል። ነገር ቢዘነጋ ወይም ጠባዩ ቢለወጥ እርጅና ነው። እርግጥ ብዙውን ጊዜ የተባለው ልክ ይሆናል፤ የሚያዘናጋንም ይኸው ነው። ሊምፎማ ግን አንገት ላይ ምንም ሳይታይ በጨጓራ፣ በአጥንት፣ በቆዳ፣ በአንጎልም ሳይቀር ሊጀምር ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነን በኀፍረት የሚሸሸገው ነው። ቆለጡ ሳያመው ያበጠ ሽማግሌ «ቡአ ነው» ብሎ በሽርጡ ሸፍኖ ይቀመጣል፤ ለልጁ አይነግርም፣ ለሴት ነርስማ አይታሰብም። ሆኖም ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች ቆለጥ ላይ ከሚወጡት ካንሰሮች በብዛት የሚገኘው ሊምፎማ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ቆለጥና ወደ አንጎልም ይሻገራል።

ስለዚህ እኛ የምንለው፦ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮለት ንፍፊቱ እያደገ የሚሄድ ሰው ስድስቱ ወር እስኪያልቅ አይጠብቅ፤ ንፍፊቱ ተቆርጦ ይመርመር። በመርፌ የተቀዳ ጥቂት ናሙና ሊምፎማን ሊስተው ይችላልና ሙሉው ንፍፊት ይሻላል። ፈጥኖ የሚያድገው ዓይነት በጊዜ ከተደረሰበት በዚያ ዕድሜም ሊድን ይችላል፤ ነገር ግን በሳምንታት ውስጥ ይባባሳል።

በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጥህ ወጣት ሆይ፣ የጤና መድን መታወቂያውን ሊያሳድስ የቆመውን ሽማግሌ «ነገ ይምጡ» ከማለትህ በፊት ከየትኛው ቀበሌ በእግሩ እንደ መጣ ጠይቀው። አንተም ለዕረፍት ወደ በዴሳ የምትመለስ ተማሪ፣ አባትህ ለአንተ መናገር ቢያፍር በአጎትህ ወይም በዕድሜ እኩያው በኩል አስጠይቀው።