ጠብታው ካለቀ ዓይን ይጠፋል!

የዓይን ሞራ ይገፈፋል፣ ብርሃንም ይመለሳል። ግላኮማ ግን እንዲያ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ በርትቶ የማየት ነርቭን ቀስ በቀስ ይገድላል፤ የሞተው ነርቭ አይነሳም። ሕመም ስለሌለው ሰውየው የሚነቃው ከደጃፉ ድንጋይ ጋር መጋጨት ሲጀምር ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ዓይነ ስውራን 5 ያህሉን ያሳወረው ይኸው በሽታ ነው።

መድኃኒቱስ? አለ እኮ! ቲሞሎል ጠዋትና ማታ፣ ላታኖፕሮስት ማታ አንዴ ጠብ ይደረጋል። (አስም ያለበት ቲሞሎል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።) ጠብታው የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ያቆያል፤ ያውም ሳይቋረጥ፣ ዕድሜ ልክ። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ከተከፈተ ከወር ብዙ አይዘልም።

ታዲያ የሱሉልታው ገበሬና የቡራዩዋ ጉልት ቸርቻሪ በየወሩ ለአንዲት ብልቃጥ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ይመላለሱ ነው የሚባለው? ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል። ከተማ ከተባሉ የከተማ ወጉ ይድረሳቸዋ! ሰበታማ ዓይነ ስውርነት ምን እንደሆነ የሚነግራት አያሻትም፤ መርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለው እዚያው ነው።

የምንጠይቀው ተራራ ግፉ አይደለም። በየጤና ጣቢያው የዓይን ግፊት መለኪያ ይኑር። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በተለይም እናት አባቱ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሁሉ ይመርመር። «አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ» የሚባለው ነገር ለዚህ በሽተኛ አይሠራም። ዛሬ በሦስቱ ከተሞች መደርደሪያ ላይ ቲሞሎል አለ ወይስ የለም? የሸገር የጤና ኃላፊዎች ይንገሩን።