ስም ይወጣል ከቤት

ሃያ ሁለት አካባቢ ቤቱን ለእንግዳ በስልክ ያስረዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፡፡ «ከጎላጎል ወረድ ብለህ ሁለተኛው ቅያስ፣ ከሱቁ ቀጥሎ ሦስተኛው በር» እንላለን፡፡ ሱቁ የፈረሰ ዕለት እንግዳው ይጠፋል፤ ቤቱ ግን እዚያው ነው፡፡ ድረ ገጽ የሚፈትሹ ኮዶችም በየጊዜው የሚጠፉት እንዲሁ ነው፡፡

ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ኮድ ምን አገባችሁ የምትሉን አትጠፉም፡፡ ጓደኞቻችን በቴስተርነት እንጀራ ይበላሉ፤ እኛም እንደ እናንተው በኢንተርኔት እንከፍላለን፡፡ ስለዚህ ያገባናል፡፡

ሴሌኒየም የሚባለውን መሣሪያ ጄሰን ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ቶትወርክስ በተባለ ኩባንያ ሲሠራ ጀመረው፡፡ ብራውዘሩን እንደ ሰው ከፍቶ ይጽፋል፣ ይጫናል፣ ውጤቱን ያያል፡፡ የሚጫነው ቁልፍ የት እንዳለ ግን ሊነገረው ይገባል፤ ለዚህም ስምንት ዓይነት የአድራሻ አሰጣጥ አለው፡፡ ለሰነፍ የሚቀናው ብራውዘሩ ራሱ ገልብጦ የሚሰጠው ረጅሙ ኤክስፓዝ ነው፤ «ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ፣ ሁለተኛው ፎርም፣ የመጀመሪያው ቁልፍ» ዓይነት፡፡ ከላይ አንድ ማስታወቂያ ሲጨመር ሦስተኛው አራተኛ ይሆናል፡፡ ቁልፉ እየሠራ ፈተናው «ወደቀ» ይላል፡፡

ጉዳቱ የቴስተሩ ጊዜ ብቻ አይደለም፡፡ በየጠዋቱ በሐሰት የሚቀላ ፈተና ሰውን ያለምዳል፡፡ «እሱ እኮ ሁሌም ይቀላል» ተብሎ ይታለፋል፡፡ ክፍያው የምር የተበላሸ ቀን ማን ይሰማል?

አድራሻዎቹን በየገጹ አንድ ቦታ ሰብስቦ መያዝ፣ ፔጅ ኦብጀክት የሚሉት፣ ግማሽ መድኃኒት ነው፡፡ አርባ ቦታ ከማረም አንድ ቦታ ማረም ይሻላል፡፡ መሰበሩን ግን አያስቀርም፡፡

«ተጠቃሚው ጽሑፉን አንብቦ አይደል የሚያገኘው? ኮዱም በጽሑፉ ይፈልግ» የሚሉ አሉ፤ እንደ ፕሌይራይት ያሉ አዳዲስ መሣሪያዎችም ለተጠቃሚው በሚታየው መፈለግን ያስቀድማሉ፡፡ ክርክሩ ውኃ ያነሳል፡፡ ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ያነክሳል፡፡ «ሂሳብ ክፈል» የሚለውን አንድ አራሚ «ሒሳብ ክፈል» ቢያደርገው ለእኛ ያው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሂ እና ሒ ሁለት ፊደላት ናቸው፡፡ ተጠቃሚው ገጹን ወደ እንግሊዝኛ የቀየረ እንደሆነማ ጭራሹን አይገኝም፡፡ ጋዜጣ ቤት አንድ ስም በአንድ ፊደል ይጻፍ ተብሎ የሚደነገገው በከንቱ አይደለም፡፡

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ቁልፉን የሠራው ፕሮግራመር ሲሠራው ስም ያውጣለት፡፡ አይዲ ይሁን ዳታ ቴስት አይዲ፣ የማይደጋገም፣ ቀለሙና ቦታው ቢቀየርም የማይነካ ስም፡፡ ሃያ ሁለት ስንት ቤት ፈርሶ ስንት ፎቅ በቀለበት፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቀላል ባቡሩ በመሀሉ መመላለስ ጀመረ፡፡ ወያላው ግን ዛሬም «ሃያ ሁለት!» ነው የሚለው፤ ተሳፋሪም አይጠፋም፡፡

በአንዳንድ ቢሮዎች ቴስተሩ ይህችን ስም ለማግኘት ደጅ ይጠናል፡፡ «ለእናንተ ብለን ኮዳችንን አናንዛዛም» ይባላል፡፡ አንዲት መስመር የማትሞላ ቃል! አለቆችም ስም ያልወጣለትን ቁልፍ «ተጠናቀቀ» ብለው አይረከቡ፡፡ ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፡፡ ቤቱ ስም ካላወጣ ጎረቤት ምን ብሎ ይጥራው?